ከቁልቁለቱ ወደ ማይክሮፎኑ፦ በደብረ ብርሃን ሻይ ቤት የተከታተልነው የበረዶ ሸርተቴ ስርጭት

በጥር ወር የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ፣ ጋቢ ደርቦ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሌላ አገር ሰዎች በረዶ ላይ ቁልቁል ሲወርዱ ማየት ለብዙዎች እብደት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ዘንድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዲሽ ባለው አንድ ሻይ ቤት ይህንኑ ሳደርግ ቆይቻለሁ። እዚህ የምገመግመው ውድድሩን ሳይሆን ከውድድሩ ጋር የሚቀርብልንን አገልግሎት፣ ማለትም ጡረታ የወጡ ተወዳዳሪዎች የሚሰጡትን ትንታኔ ነው።

የዚህን አገልግሎት ጥቅም ያስረዱኝ ከጎኔ የሚቀመጡ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በኦስትሪያ ኪትስቡኤል ከተማ የሚካሄደው ውድድር ሽትራይፍ በተባለው መውረጃ ላይ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፈጣኖቹ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ተንታኙ አንዱ ተወዳዳሪ ከቀጥ ያለው ቁልቁለት ሲወጣ መታጠፊያውን ዘግይቶ መያዙን አይቶ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ገና አረንጓዴ እያለ፣ ማለትም ተወዳዳሪው ከመሪው ቀድሞ ሳለ፣ ቀጥሎ ባለው ለጥ ያለ ቦታ ፍጥነት እንደሚያጣ ተናገረ። ጥቂት ሰኮንዶች ቆይቶ ሰዓቱ ቀይ ሆነ፤ ከመሪው ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። የተባለውን ስተረጉምላቸው ሹፌሩ፣ «ልጄ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድም እኮ ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት ነው፤ ውስጥ ከገባህ በኋላ ብትይዘው ምን ዋጋ አለው?» አሉኝ። መውረጃውን ወርዶ የማያውቅ ጋዜጠኛ ሰዓቱ ከቀላ በኋላ «ዘገየ» ይላል፤ የወረደበት ግን ስህተቱን በተወዳዳሪው ውጪኛ እግር ላይ ቀድሞ ያየዋል።

በዚህ ረገድ ከሁሉም የማደንቀው የኦስትሪያውን ሃንስ ክናውስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ ሱፐር ጂ በተባለው ፈጣን የቁልቁለት ውድድር የብር ሜዳሊያ ያገኘው ይህ ሰው፣ ካሜራ ይዞ መውረጃውን ራሱ እየወረደ ያስረዳል። በስልኬ ያየሁት ቪዲዮ ጀርመንኛ ቢሆንም፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥና ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሚናገረው ነገር ያለ አስተርጓሚ ይገባል።

ይሁን እንጂ መወዳደርና መናገር አንድ ሙያ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1984 በሳራዬቮ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘችው አሜሪካዊቷ ሸርተቴኛ ክሪስቲን ኩፐር፣ በ2014 በሶቺ ለአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለኤንቢሲ ስትሠራ፣ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘውን የአገሯን ልጅ ቦድ ሚለርን በቅርቡ ስለሞተው ወንድሙ ደጋግማ ጠይቃ አስለቅሳዋለች። ብዙ ተመልካች ሲወቅሳት፣ ሚለር ራሱ እንዲተዋት ለምኗል። ከ4 ዓመት በኋላ እሱም በዚያው ጣቢያ ተንታኝ ሆኖ ቀረበ፤ ኦስትሪያዊቷ ተወዳዳሪ አና ፋይት ብቃቷ የቀነሰው በማግባቷ ሊሆን ይችላል ብሎ በመናገሩም ይቅርታ ጠየቀ። በእኔ ግምት የሁለቱም ስህተት ምንጭ አንድ ነው፤ ስለ መውረጃው የሚያውቁትን መናገር ትተው ወደ ሰው ቤት ገቡ።

የሻይ ቤቱ ነገር ደግሞ አለ። ሻዩ ትኩስ ነው፣ ወንበሩ ጠባብ ነው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ከብርሃኑ የተነሳ ነጩን በረዶ ከነጩ ስክሪን መለየት ያቅተዋል። ከባዱ ቅሬታዬ ግን ባለቤቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የእንግሊዝ ኳስ ሊጀምር ሲል፣ ዋናዎቹ ወርደዋል በሚል ጣቢያውን መቀየሩ ነው። ለነገሩ እሱን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በፒዮንግቻንግ ኤንቢሲም ፋይትን አሸናፊ ብሎ ወደ ሌላ ስፖርት ካለፈ በኋላ፣ 26ኛ ሆና የተነሳችው የቼኳ ኤስተር ሌዴትስካ በ0.01 ሰኮንድ ቀድማ ወርቁን ወስዳለች። ይህን ታሪክ ለባለቤቱ ነገርኩት። ሳቀ፤ ቀየረውም።

ከሁሉ የጎደለን በአማርኛ የሚነግረን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ ኋላም በ2010 በቫንኩቨር ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም የሮጠው በሜዳና በዳገት በሚደረገው የረጅም ርቀት ሸርተቴ ቢሆንም፣ ከበረዶ ጋር ስለሚደረግ ትግል በእኛ ቋንቋ ቢነግረን ለመስማት ወንበር ከማንም ቀድሜ እይዛለሁ። እስከዚያው መስኮቱን ለጀርባችሁ ሰጥታችሁ፣ ከተቻለ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ።