ጣይቱ ሆቴል፦ ክፍል ከመያዝዎ በፊት የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ይጠይቁ

ፒያሳ ያለው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1898 ተሠራ ሲባል ቁጥሩ የእኛ ነው። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ እንዳለ እየወሰዱ በፈረንጅ ስለሚቆጥሩት ሆቴሉን ያለ ዕድሜው ያስረጁታል፤ ልኩ በፈረንጅ 1905/06 ነው። የአቢሲንያ ባንክ የተከፈተውም በዚያው በ1898 ዓ.ም. ነው። አራዳ፣ የዛሬዋ ፒያሳ፣ የገበያ ሰፈር ብቻ መሆኗ ቀርቶ ባንክና ሆቴል ያላት ከተማ መምሰል የጀመረችበት ዘመን ነው።

ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ወሬ ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ምግብ ገዝቶ መብላት ነውር ስለነበር ወደ ሆቴሉ ዝር የሚል ጠፋ፤ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አስለመዱ።

ወደ ማደሩ እንምጣ። ግቢው ውስጥ ከዋናው ሕንፃ ሌላ ኋላ የተጨመሩ ክፍሎች አሉ፤ ከርካሾቹ መካከል መታጠቢያና ሽንት ቤታቸው የጋራ የሆነ ይገኝበታል። “ጣይቱ አደርኩ” ለማለት የሚመጣ ሰው በስልክ “አሮጌው ሕንፃ ላይ ነው ወይ?” ብሎ ካልጠየቀ ከጓሮ ሊያድር ይችላል። ዋናው ሕንፃ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉና ደረጃው እንጨት ነው። እንጨት ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ከሚስማሩ ይላቀቃል፤ ስለዚህ ኮሪደር ላይ የሚራመድ ሰው እርምጃው አልጋዎ ድረስ ይሰማል። እንቅልፍዎ ቀላል ከሆነ ከደረጃው ራቅ ያለ ክፍል ይምረጡ። ሊፍት የለም፤ ከባድ ሻንጣ ያለው ይዘጋጅበት። ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉን አይተው፣ ቧንቧውን ከፍተው ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ይጠብቁ። በረንዳው ግን ሁሉንም ያስረሳል።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሳው እሳት ከባድ ጉዳት አድርሷል፤ ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ቤትም አብሮ ወድሟል። በእንዲህ ያለ ቤት እሳት የሚበረታው በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ባለው ባዶ ቦታ ስለሚሮጥ ነው፤ ከታች ውሃ ቢረጩት አይደርስም። ሆቴሉ ታድሶ ሥራ ቢመለስም፣ የሚያዩት እንጨት ሁሉ የእቴጌዋ ዘመን ነው ብለው አይውሰዱ። ክፍል ውስጥ ሻማም ሆነ የቡና ከሰል አያስገቡ።

ለማደር ባያስቡም ለምሳ ይግቡ። የጾም ቡፌው ስሙ የተጠራ ነው፣ በፍስክ ቀንም አይቀርም። ስድስት ሰዓት ላይ መድረስ ይሻላል፤ ማንኛውም ቡፌ ላይ ሽሮ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ጠርዙ ይያዛል፣ እንጀራውም አፉ ይደርቃል። መጀመሪያ ምስርና ጎመኑን ያንሱ፣ ሰላጣውን ለየብቻ፤ አንድ ሳህን ላይ ከተደባለቀ የሰላጣው ኮምጣጤ ወጡን ያበላሸዋል።