ቨርቹዋል ቱር መሥሪያ፦ በየወሩ ልከራይ ወይስ አንዴ ልግዛ?

«የትኛውን ሶፍትዌር ልያዝ?» የሚለኝ ሰው በዛ። የአፓርታማና የሆቴል 360 (ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ) ፎቶ አንስቼ ቨርቹዋል ቱር፣ ማለትም ሰው በስክሪን ላይ ከክፍል ክፍል እየዞረ ቤቱን የሚያይበትን፣ እንደምሠራ የሰማ ሁሉ ይደውላል። መልሴ አንድ ነው፦ ከቻላችሁ አትከራዩ።

እኔም የጀመርኩት በኪራይ ነው። ቱሩ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ፣ ክፍያው በዶላር፣ ካርዱ ደግሞ አሜሪካ ያለው የወንድሜ። አንድ ጊዜ ባንኩ ካርዱን ቀየረለትና ክፍያው ሳያልፍ ቀረ። እኔ ምኑንም አላወቅኩም። ቅዳሜ ጠዋት የአፓርታማው ሽያጭ ሠራተኛ ደወለች። ዱባይ ያለ ገዢ ሊንኩን ከፍቶ ይጠብቃታል። «ትናንት ሳሎኑ ነበር እኮ፣ ዛሬ የት ሄደ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ዋጋውን እናስላ። በወር 20 ዶላር ብንል ትንሽ ይመስላል። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በባንክ ሂሳብ 1,150 ብር ገደማ ነበር። ዶላር 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ያው 20 ዶላር ከ2,000 ብር በላይ ነው። በ3 ዓመት 720 ዶላር ይሆናል። ደንበኛው ግን የሚከፍላችሁ በብር ነው፣ ያውም አንዴ።

አንዴ የሚገዛው የቱር መሥሪያ ሶፍትዌር ስሪዲ ቪስታ (3DVista) 499 ዩሮ ነው። መጀመሪያ ሳየው ደንግጫለሁ። ግን የሚከፈለው አንዴ ብቻ ስለሆነ በዚያ የኪራይ ሂሳብ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ዋጋውን ይመልሳል። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት የሠራችሁት ነገር የእናንተው መሆኑን ነው። የፈለጋችሁት ሆስቲንግ (ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ትጭኑታላችሁ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት አድርጋችሁም በፍላሽ ትሰጣላችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሽያጭ ቢሮው ቱሩን ማሳየቱን አያቆምም።

ክራኩንማ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረውን ስሪዲ ቪስታ፣ አታንሱብኝ። አንድ ሱቅ በ500 ብር «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ጫነልኝ። የ34 ክፍል ሆቴል ሠርቼ ጨረስኩ። በሳምንቱ ደንበኛው «የምግብ አዳራሹን ቀይርልኝ» ሲል ፕሮጀክቱ አልከፈት አለ። ሁሉንም ሆትስፖት (ሲነካ ወደ ሌላ ክፍል የሚወስደውን ቀስት)፣ በር በበር፣ እንደገና ደገምኩት። የሚገርመው፣ ኩባንያው ራሱ የ30 ቀን ነፃ ሙከራ ይሰጣል። ምስሉ ላይ ምልክት ያሳርፋል እንጂ ለመልመድ በቂ ነው።

ማተርፖርት ስለሚባለው ሌላ የቱር መሥሪያ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቤቱን ከላይ እንደ አሻንጉሊት ቤት ገልጦ ሲያሳይ በእውነት ያምራል። ግን እሱም ኪራይ ነው። በየወሩ በዶላር የሚከፍላችሁ ደንበኛ ካለ ያዙት። ነፃ ስለሆነ ብቻ በሰው ሰርቨር መተማመንም ጥሩ አይደለም፤ ጉግል እንኳን ቱር ክሪኤተር የሚባለውን ነፃ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2021 ዘግቶታል።

እጃችሁ ላይ ብር ከሌለ ማርዚፓኖ የሚባል የቱር መሥሪያ አለ። እሱም ነፃ ነው፣ ግን ፋይሉ እናንተው ጋር ይቀራል። ፎቶዎቹን ብራውዘር ላይ ትጥላላችሁ፣ ከክፍል ክፍል ታገናኛላችሁ፣ ዚፕ አድርጎ ይሰጣችኋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዚፑን ፈትታችሁ ኢንዴክስ የሚለውን ፋይል ደብል ክሊክ ብታደርጉ ፎቶው ላይመጣ ይችላል፤ ሆስቲንግ ላይ ጫኑት። ሌላው፣ አንዴ ያወጣችሁትን ሥራ መልሳችሁ ከፍታችሁ ማስተካከል አትችሉም። የመኝታ ቤቱን በር ማገናኘት ከረሳችሁ ወይ ዳታ የሚለውን ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ ቁጥር በቁጥር መጻፍ ነው፣ ወይ ከሀ መጀመር። እኔ አንዴ በኖትፓድ ስታገል አመሸሁ፤ ቀስቱ ጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ለአምስት ስድስት ክፍል ግን ምንም አይልም።

ሆስቲንጉን ደንበኛው በራሱ ስም ይግዛ። ዕድሳቱ ሲደርስ የእናንተ ስልክ አይጮህም።

ስሪዲ ቪስታን ልገዛ ስል መቼም ለወንድሜ መደወል ግድ ነው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ይሄም በየወሩ ነው?» አለኝ። አንዴ ብቻ ነው ስለው የካርዱን ቁጥር ራሱ አስገባልኝ።