ካልሲየም ካርቦኔት ወይስ ካልሲየም ሲትሬት?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ ካልሲየም የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይነቱን ይጠይቅ። ካርቦኔት ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ነው፤ ሲትሬት ግን 21 በመቶ ገደማ። ስለዚህ በሲትሬት ያንኑ መጠን ለማግኘት ብዙ ፍሬ መዋጥ ግድ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ካርቦኔት ግን የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጾመኛው ጎጃሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆየ፣ ማዕዱ ሲቀርብ ከእንጀራው ጋር ይዋጠው። (ጤፉ ራሱ ካልሲየም አለው፤ ወተትና አይብ በሚቀርበት ወቅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።) ሲትሬት ምግብ አይጠብቅም። ለጨጓራው አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለሚወስድ ሰው እኔ ያለማመንታት ሲትሬትን እመርጣለሁ።

ተጠቃሚዎች አዘውትረው የሚያማርሩት በሆድ ድርቀትና በመነፋት ነው፤ ይህም በካርቦኔት ይብሳል። ውኃ መጠጣትና መጠኑን መከፋፈል ይረዳል፤ ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም በደንብ አይቀበልምና።

በሁለቱም ዘንድ ጥንቃቄው አንድ ነው። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ከካልሲየም የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ከብረት እንክብል፣ ከፀረ ባክቴሪያዎቹ ከሲፕሮፍሎክሳሲንና ከቴትራሳይክሊን ጋርም አብሮ አይዋጥም። የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ሰው ሳይጀምር ሐኪም ያማክር።