የአሮጌ ገበያ የቦንዳ ኮፍያ፦ ስፌቱ ጥሩ፣ አርማው ግን ይታይ

ሐዋሳ አሮጌ ገበያ የሚሸጡት የቦንዳ የስፖርት ኮፍያዎች ስፌታቸው ጠንካራ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የፊት ጥላውን ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት፤ ውስጡ ካርቶን ከሆነ ውሃ ሲነካው ይበላሻል።

አርማውን በደንብ እዩ። ፊቱ ቀይ፣ ላባ የሰካ፣ ጥርሱን ያገጠጠው ሰው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን የሚያሾፍ ሥዕል፣ የአሜሪካው የክሊቭላንድ ቤዝቦል ቡድን የቀድሞ ምልክት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከመለያው ወጥቷል፣ ቡድኑም ኋላ ጋርዲያንስ ተብሏል። የዋሽንግተን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድንም ሬድስኪንስ (ቀይ ቆዳዎች) የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ2020 ትቷል። ብዙ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለአሥርት ዓመታት የታገሉት መሳለቂያ ስለሆነባቸው ነው፤ እውነት አላቸው። የእግር ኳስ ቡድናችንን ሲዳማ ቡናን የራሱ ሰው በኩራት ይጠራዋል፤ ይሄ ስምና ምልክት ግን ሌሎች የለጠፉባቸው ነው።

ኮፍያውን ከወደዳችሁት ጥልፉን ከውስጥ በኩል በምላጭ እየቆረጣችሁ ፍቱት። የመርፌው ቀዳዳ ስለሚቀር ልብስ ሰፊ ጋር ወስዳችሁ ጨርቅ አስደርቡበት።