ወፍራም ክንድ ያለው ስፖኪዮ በባጃጄ ላይ፦ ከክረምት እስከ ፋሲካ

ደብረ ማርቆስ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ከኋላው የሚመጣውን የሚያውቀው ባብዛኛው በጆሮው ነው። ስፖኪዮው አለ፣ ግን ይንቀጠቀጣል። የመጣው አይሱዙ ይሁን ጋሪ መለየት ያስቸግራል። ማታ ደግሞ ይብሳል፤ የመኪና መብራት ተጎትቶ መስመር ይሆናል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት አይተውት «ልጄ፣ መስታወትህን ወባ ይዞታል እንዴ?» ብለውኛል።

ሐምሌ ላይ አሮጌዎቹን አውልቄ ወፍራም ክንድ ያላቸው ጥንድ ስፖኪዮዎች ገዛሁ። ሻጩ «እነዚህማ ንቅንቅ አይሉም» ብሎ ማለልኝ። ክረምቱንም በጋውንም ነድቼባቸዋለሁ። አሁን ፋሲካም አለፈ፤ ስለዚህ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ከሳጥኑ እንደወጣ ከታሰረ ግን ገንዘባችሁን ግማሽ ጥላችኋል።

ልክ እንደታሰረ፣ ቆሜ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው፣ ሲሠራ መስታወቱ ጸጥ አለ። ደስ አለኝ። ወደ አማኑኤል በሚወስደው አስፋልት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ግን መስታወቱ አበደ። ከአሮጌው የተለየው የሚያብድበት ፍጥነት ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ባጃጅ አንድ ፒስተን ነው ያለው። ፒስተኑ ወጣ ወረድ ሲል ሞተሩን ይገፋዋል፤ ግፊቱን የሚያጣፋለት ሁለተኛ ፒስተን የለም። ሞተሩ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 20 ምት ነው። 3,000 ሲገባ 50 ይሆናል። ስፖኪዮ ደግሞ በዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ ክብደት ነው። በጣታችሁ ብትመቱት የሚወዛወዝበት የራሱ ፍጥነት አለው። የሞተሩ ምትና የዘንጉ ውዝዋዜ ሲገጣጠሙ ጉድ ይፈላል። ክንዱ ሲወፍርና ሲያጥር ያ ፍጥነት ከፍ ይላል፤ ችግሩም ከዝቅተኛው ዙር ወደ ከፍተኛው ይሸሻል እንጂ አይጠፋም። ክብደት ሲጨመርና ማሰሪያው ሲለሰልስ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። ከሚኒሞ በታች ካወረዳችሁት ስትነዱ ሰላም ነው።

የባጃጅ ብቻ ጣጣም አይደለም። እንግሊዝ አገር የሚሠራው ካተርሃም ሰቨን የሚባለው ክፍት የስፖርት መኪና በሩ ሸራ ቢጤ ነው። እዚያ ላይ የታሰረ ስፖኪዮ ሞተሩም ነፋሱም ያርገፈግፉታል። ገንዘብ ያለውም እኔም አንድ ነን ማለት ነው። ቀላልና ክፍት ነገር ላይ መስታወቱ የሚደገፍበት ጠንካራ አካል የለም።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው የቱ እንደሆነ ለዩ። ሞተሩ እየሠራ መስታወቱን በጣት ጫን ስትሉት ከረጋ፣ የላላው መስታወቱ ከፕላስቲክ ቤቱ ጋር ነው። የእኔ የቀኙ እንደዚያ ነበር። መስታወቱን አውጥቼ ከኋላው ሲሊኮን ቀባሁ፤ አድሮ ደረቀ፤ አለቀ። ክንዱን ስትይዙት ከረጋ ግን ማሰሪያው ነው።

እዚያ ላይ ነው ሥራው ያለው። ስፖኪዮው የሚታሰረው ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ፍሬም ላይ ነው፤ ብረት ከብረት ጋር። ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ የተጣለ የአይሱዙ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ለመንኩ፤ ከባጃጁ ይወፍራል። ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩና አንዱን ከፍሬሙ ውጭ፣ አንዱን ከውስጥ አደረግሁ፤ በላዩ ሰፊ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት)። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ቡሎኑ ግን አሁንም የቀዳዳውን ጠርዝ ይነካል። አንዲት ቦታ ብረት ብረትን ከነካ ጎማው የለም ማለት ነው፤ ንዝረቱ በዚያች ያልፋል። ስለዚህ ቀዳዳውን ትንሽ አስሰፍቼ ቡሎኑን በቤንዚን ቱቦ ቁራጭ አለበስኩት። ልዩነቱን ያየሁት ያኔ ነው።

ቡሎኑን የሚይዘውን ዳዶ እስኪጮህ አታጥብቁት። ጎማው ከተጨፈለቀ እንደ ብረቱ ነው። ጎማው ትንሽ ሆዱ ወጣ ሲል አቁሙና ሁለተኛ ዳዶ ደርባችሁ ቆልፉት። ከእህቴ የጥፍር ቀለም ወስጄ በዳዶውና በፍሬሙ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል። ጠዋት ስወጣ በዓይኔ አየዋለሁ፤ መፍቻ አያስፈልገኝም። ግራሶ ደግሞ ክሩ ላይ ብቻ፤ ከመነዳሪውን ከነካው ያበላሸዋል።

በመጨረሻ ለመኪና ጎማ ባላንስ የሚለጠፈውን እርሳስ ከመስታወቱ ቤት ውስጥ ለጠፍኩ። ብዙ አይደለም። ብዙ ከሆነ ኮብሉ ላይ አንገቱን ይደፋል።

አሁን ያለበት ሁኔታ እንዲህ ነው። አስፋልት ላይ ሁለቱም ጥርት ብለው ያሳያሉ፤ ከኋላዬ ያለውን ሰሌዳ ባላነብም ሾፌሩ ስልክ እያወራ መሆኑን አያለሁ። በሚኒሞ ይንቀጠቀጣሉ፤ አዲስ ከታሰሩበት ቀን ይልቅ እንዲያውም ብሷል። ቆሜ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለኝም። ኮብል ላይ ደግሞ ምንም ስፖኪዮ አይረጋም፤ ማንም አይዋሻችሁ። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች አልቀው ከሆነ ግን መጀመሪያ እነሱን ቀይሩ፤ ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) ላልቶ እንደሆነ እዩ። እኔ ታኅሣሥ ላይ የሞተሩን ጎማዎች ስቀይር መሪው ራሱ እጄን ማደንዘዙን ተወ።

መስታወቱ ጎበጥ ያለ ነው። ሰፊ ያሳያል፤ ግን የቀረበውን የራቀ ያስመስላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ዞር ብላችሁ እያረጋገጣችሁ ንዱ።

የማልወደው ክንዱና መስታወቱ የሚገናኙበትን ኳስ ነው። ተሳፋሪ ሲገባ ክንዱን ይዞ ነው የሚንጠለጠለው፤ በተለይ የገበያ ቀን ዶሮና ዘንቢል ይዞ የመጣ። የግራው ኳስ ላልቶ መስታወቱ ቀስ እያለ ወደ መሬት ያያል። የምታጠብቀዋ ቡሎን ከውስጥ ስለሆነች መስታወቱ ካልወጣ አትገኝም፤ እሱም በሲሊኮን ተለጥፏል። የግራውን ብቻ ልግዛ ብዬ ሄጄ ነበር። ሻጩ ጥንድ ካልሆነ አልሸጥም ብሏል።