ክዳን ነቅሎ በውሃ ማቀዝቀዝ ወይስ ትልቁ የአየር ኩለር? ደሴ ላይ የቱ ያዋጣል

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩትም ጌም የሚጫወቱትም ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የፕሮሰሰሩን የብረት ክዳን አስነቅዬ ውሃ የሚያልፍበትን የማቀዝቀዣ ብሎክ በቀጥታ ቺፑ ላይ ባሳርፈውስ?» መልሴን ላስቀድም። ተዉት። ባለ ሁለት ፋን ትልቅ የአየር ኩለር ግዙ፣ በተረፈው ብር ደህና ስታቢላይዘር ጨምሩበት።

ነገሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። የራይዘን 7000 (የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ክዳን ወፍራም ነው። ክዳኑን ነቅለው፣ ሊኩዊድ ሜታል (ሙቀት የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ብረት) ቀብተው የሞከሩት ሰዎች ሙቀቱን 20 ዲግሪ ገደማ አውርደዋል። ግን በስንት?

ዋጋውን በዶላር የምናገረው ወድጄ አይደለም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የጻፍኩት ዋጋ ሳምንት አይቆይም። እንደ ፒርለስ አሳሲን 120 ያለ የአየር ኩለር ውጭ ገበያ ላይ 40 ዶላር ቢሆን ነው። በቀጥታ ቺፕ ላይ የሚያርፈው ብሎክ ግን ብቻውን 100 ዶላር ገደማ ነው። ፓምፕ፣ ራዲያተር፣ ቱቦ፣ ማያያዣና የክዳን መንቀያ ሲጨመርበት 300 ያልፋል። ቀረጡንና መላኪያውን ገና አልነካሁም። በዚህ ገንዘብ እኮ ሌላ ፕሮሰሰር ይገዛል! ክዳኑ ከተነሳ ደግሞ ዋስትና የለም። ዋስትናውን ድሮስ ደሴ ላይ ማን ሰጥቶን?

የሚያስፈራኝ ኮፒ ዕቃው ነው። አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ «ሙሉ መዳብ» ተብሎ የተሸጠለትን ኪት ይዞልኝ መጣ። ብሎኩ እውነትም መዳብ ነው። ራዲያተሩ ግን ሲያነሱት እንደ ላባ ይቀላል። ማያያዣው የሚገባበትን ቀዳዳ በመርፌ ስጭረው አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ብረቶች በአንድ ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ዝቃጩም የብሎኩን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። የልጁም ብሎክ ተደፍኖ ነበር። ሊኩዊድ ሜታሉም ቢሆን አብዛኛው ጋሊየም ነው። አሉሚኒየም ከነካ ያፈራርሰዋል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ጠብ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሾርት ያደርጋል።

ጥገናውን አስቡት። የአየር ኩለር ፋን ቢቆም እንኳ ብረቱ ሙቀቱን ለጊዜው ይይዛል፤ 120 ሚሊሜትር ፋን ደግሞ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ብትወጡ አታጡም። ፓምፕ ከቆመ ግን ቺፑ ቶሎ ይግልና ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ራሱንም ሊያጠፋ ይችላል። ምትኩን ከአዲስ አበባ ማስፈለግ ነው፣ እሱም ከተገኘ። መብራታችን ሲመጣና ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም።

«ደሴ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃ ይሻላል» የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ግን ውሃውም ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚያው ለስሱ አየር ነው! ራዲያተሩ ከዚህ አያመልጥም። ደግነቱ ብርዳችን ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ አየሩ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ክፍሉ ግን ይሞቃል።

ክዳን መክፈት የሚያዋጣው አንድ ቦታ ነው። ከ2012 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የወጡት የተለመዱት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች፣ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ትውልድ፣ ክዳኑን ከቺፑ የሚያገናኘው ብየዳ ሳይሆን ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ነው። እሱ ይደርቃል። ከፍቶ መቀየር፣ ክዳኑንም መመለስ ነው፤ ውሃ አይፈልግም። ስድስተኛው ትውልድ ላይ ግን ቀስ፣ ቺፑ የተቀመጠበት ሰሌዳ ስስ ስለሆነ ሊታጠፍ ይችላል። ከዘጠነኛው ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ ብየዳ ናቸው፤ በጉልበት ሲነቀል ቺፑም አብሮ ሊነሳ ይችላል።

ራይዘን 7000 ያላችሁ አብሽሩ። ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ኢኮ ሞድ የሚባል ኃይል መቆጠቢያ አለ። የእናንተ 170 ዋት ከሆነ ወደ 105 አውርዱት። ሙቀቱ በደንብ ይቀንሳል፣ ቪዲዮው ትንሽ ቢዘገይ ነው። ዋጋው ዜሮ ብር።

ኩለሩን ከማዘዛችሁ በፊት ኬዛችሁን ለኩ። ፒርለስ አሳሲን 155 ሚሊሜትር ገደማ ይቆማል። ከቢሮ የወጡት ቀጫጭን ዴልና ኤችፒዎች ውስጥ አይገባም።