ለመገበሪያ የሚሸጠው ዘቢብና ሁለቱ ጥንቸሎቼ

«ለየትኛው ደብር ነው ልጄ?» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ዘቢቡን በጣሳ እየዘገኑ።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ከርቤና ዘቢብ ከሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። የጠየቅኳቸው ሩብ ኪሎ ዘቢብ ነው። እዚያ ቤት ዘቢብ የሚገዛ ሰው ወይ ስለት አለበት፣ ወይ ለመገበሪያ ነው፤ ሌላ ምክንያት አይታሰባቸውም። ልዋሽ አሰብኩና አፌ እምቢ አለኝ።

«ለጥንቸል ነው እማማ።»

«ለምን?»

«ለጥንቸል። ሁለት ጥንቸሎች አሉኝ፤ አልፎ አልፎ አንዳንድ ፍሬ እሰጣቸዋለሁ።»

ጣሳው አየር ላይ ቀረ። ከኋላዬ ተራ የያዘች ልጅ ሳቋ አመለጣት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ «ወይ ስምንተኛው ሺህ!» አሉና መዘኑልኝ። ብሩን ሲቀበሉኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እና ይወዱታል?» ብለው ጠየቁኝ።

ይወዱታል። ችግሩም እሱ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማራኪ አካባቢ ከቤቴ በር ላይ ሲንጀሬን ዘርግቼ እሠራለሁ። ጥንቸሎቹን የተወልኝ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ ደንበኛዬ ነው፤ «ለአንድ ወር ብቻ» ብሎ ሄደ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ልጄ በበሬ ስም ጠራቻቸው፤ ቀይ ቡናማዋ ዳማ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ቡሬ። ሁለቱም ሴቶች መሆናቸው ምንም አልመሰላትም። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። በሃይማኖታችን አይበላ፣ አይታለብ፣ አያርስ፤ «ታዲያ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ይሉኛል። ምንም። ማሽኑ ሥር ተጋድመው ቁርጥራጭ ጨርቅ ያሸታሉ፣ ቡና ሲፈላ የተጎዘጎዘውን ሣር ይለቃቅማሉ። ይበቃኛል።

በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ጎንደር ላይ የሚገኝ የደረቀ ፍራፍሬ ሁሉ፣ ከገበያም ከፒያሳ ሱቆችም፣ ገዝቼ ሞክሬላቸዋለሁ። ጥንቸል ያላቸው ሰዎች ልብስ ሊያሰፉ ሲመጡ ስለሚጠይቁኝ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን ድርቆሽ። የጥንቸል ምግብ ድርቆሽና ሣር ነው፤ ከሚበሉት ከአሥር እጅ ስምንት ዘጠኙ እሱ መሆን አለበት። የቀረው ቅጠላ ቅጠል ነው፤ እኔ ቆስጣ፣ ሰላጣና የካሮት ቅጠል እሰጣለሁ። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፣ የፊቶቹ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ፤ የሚሞርደው ደግሞ ድርቆሽ ማኘክ ነው። ከትልቁ አንጀት መግቢያ ላይ ሣሩን እንደ ጠላ የሚያብላላ ከረጢት አላቸው። እዚያ የተብላላውን ለስላሳውን በጠጥ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ከራሳቸው ሥር ተቀብለው መልሰው ይበላሉ። መጀመሪያ ሳይ አስጠልቶኝ ነበር፤ አሁን ላም ስታመሰኳ እንደማይ ነው የማየው። ይህ ከረጢት ስኳር ሲገባበት ይታወካል፤ የሚረዱት ተህዋስያን ይደክማሉ፣ ጋዝ የሚያመጡት ይበረታሉ። ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም። የገባው በሌላኛው በኩል ካልሆነ አይወጣም።

የግቢያችን ተከራይ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው፤ ቴዎድሮስ ካምፓስ ይማራል። አንድ ቀን ማሽኔ አጠገብ ተቀምጦ በጠመኔ ያሰላልኝን አልረሳም። «እትዬ፣ አንቺ ስንት ኪሎ ነሽ?» አለኝ። 60 አልኩት፤ ትንሽ ቀንሼ ነው። «ዳማ 2 ኪሎ ናት። ስለዚህ ለእሷ አንዲት ፍሬ ዘቢብ ማለት ላንቺ 30 ፍሬ ማለት ነው። አንድ ቴምር ብትሰጫት ደግሞ አንቺ ሩብ ኪሎ ቴምር በአንድ ጉርሻ እንደበላሽ ቁጠሪው።» የልብስ ልክ በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ እስካሁን አለ።

ስለዚህ ዘቢቡ። ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለኝ። ያቺ ሱቅ የምትሸጠው ለቤተ ክርስቲያን ነው። ለቅዱስ ቁርባን የሚጨመቅ ዘቢብ ላይ ድንጋይና የበሰበሰ ፍሬ ለመቀላቀል የሚደፍር ነጋዴ የለም፤ ቢደፍር እንኳ ገዢዎቹ ዓይናቸው ስለት ነው። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጣት ላይ የማይጣበቅ ነው። ታሽጎ ከውጭ የሚመጣውን ስገዛ የሚያብለጨልጨው ዘይት ተቀብቶ ነው፤ እንዳይጣበቅ ነው መሰለኝ የሚቀቡት፣ የእሳቸው ግን አያብለጨልጭም። ቢጫውን ዘቢብ አልገዛም፤ መልኩ እንዳይጠቁር በሰልፈር የታጠነ ነው።

አንድ ነቀፌታ አለኝ፤ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ዘቢቡና ዕጣኑ ጎን ለጎን በጆንያ ነው የተቀመጡት። የመጀመሪያውን ቀን ለዳማ በመዳፌ ስዘረጋላት አፍንጫዋን በፍጥነት አርገበገበች፣ ወደኋላ አለች፣ በኋላ እግሯ መሬቱን ደለቀችው። ቅዳሴ የገባች መስሏት እንደሁ እንጃ። ለብ ባለ ውኃ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ማግስቱን ስሰጣት ግን ጣቴን ልትበላ ነበር። አሁን ገዝቼ እንደመጣሁ አጥቤ በፀሐይ ካደረቅኩ በኋላ ክዳን ባለው ጠርሙስ አስቀምጣለሁ፣ ሽታው በሁለት ቀን ይጠፋል። ሩብ ኪሎው ለጥንቸል ብቻ ቢሆን ከዓመት በላይ በሄደ ነበር፤ ልጄ ባትኖር ማለቴ ነው።

ልኬ ይኸው ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለእያንዳንዳቸው አንዲት ፍሬ። አንዳንዴ ለሁለት እሰነጥቃታለሁ። ወይን ሲበላ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሲደርቅ ውኃው ይሄድና ስኳሩ ይቀራል፣ ከዘቢብ ክብደት ግማሽ በላዩ ስኳር ነው። ለጥንቸል ግልገሎች ጭራሽ አይሰጥም፤ አንጀታቸው ገና ነው።

ማንጎው ሌላ ታሪክ ነው። ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ነው የገዛሁት፤ ባለ 100 ግራም ፓኬት፣ ከፊቱ የሚያምር ሥዕል ያለበት። ዋጋው የጥንቸሎቼን የሳምንት ቅጠል ይገዛል። «ንጹህ ማንጎ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም» ብሎ ሻጩ ምሎ ተገዝቶ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ መርፌ የምሰካበትን መነጽር አድርጌ ጀርባውን ሳነበው ከማንጎ ቀጥሎ የተጻፈው ስኳር ነው። ከዚያ ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። እሽጉ ላይ የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ሁለተኛ ላይ የተጻፈ ስኳር ትንሽ ስኳር አይደለም። መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩም፣ ልጄ ትበላዋለች ብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

አክስቴ ከደባርቅ ለበዓል መጡ። የአክስቴ ደግነት መቼም ወሰን የለውም። እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ቡሬ እግራቸው ሥር ሄዳ በሁለት እግሯ ቆመች። «ይቺ ፍጥረት ርቧት ነው» ብለው ፓኬቱን ከመደርደሪያ አውርደው እየቀደዱ አጎረሷት። ስመለስ የቀረው ግማሽ ነው። አክስቴ እያመረቁ ነበር።

ሌሊቱን ምንም የለም። ጠዋት ድርቆሹ እንደተቀመጠ ነው፣ አንድ ሰበዝ አልተነካም። የተኛችበት ጭድ ላይ አንዲት በጠጥ የለችም። ቡሬ ጥግ ይዛ ተኮራምታለች፣ ዓይኖቿ ግማሽ ተከድነዋል፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ሆዷን ስዳስሰው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ተማሪውን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። ገና ሲያያት «አንጀቷ ቆሟል፣ ይሄ ይደር የሚባል ነገር አይደለም» አለ። ጥንቸል ግማሽ ቀን ሳትበላ ከዋለች ነገሩ ያለቀለት ሊሆን ይችላል፤ እኔ እንደ በግ ነገ ትበላለች ብዬ ነበር። በነጠላ ጠቅልለን ባጃጅ ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጥን። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣት፣ የሕመም መርፌ ወጋት፣ ቤት ስትገቡ ሙቀት አይለያት፣ ሆዷን ቀስ እያላችሁ እሹት፣ ድርቆሽና ውኃ ከፊቷ አይጥፋ አለን።

ማሽኑን ዘጋሁ። የሙሽራ ልብስ ነበረብኝ፣ እሱንም አዘገየሁ። አክስቴ ጸበል ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ከጥፋተኝነት የተነሳ ምሳ እንኳ አልበሉም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቡሬ ተነሳች፣ ሁለት ሦስቴ ተራመደች፣ ቁንዶ በርበሬ የምታክል አንዲት በጠጥ ጣለች። አክስቴ እልል አሉ። ለጥንቸል በጠጥ እልል የተባለበት ቤት ጎንደር ውስጥ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ማንጎውን ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። የማንጎ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስኳር ያልገባበት ቢሆንም ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ይበቃ ነበር። ግን ያንን ፓኬት ደግሜ አልገዛም፣ ያንን ሻጭም ስለ ምንም ነገር አልጠይቅም።

ቴምር በረመዳን ወቅት ገበያው ሞልቶ ይገኛል፣ ጥሩ ጥሩው ያኔ ነው። ለሰው አምስት ከአምስት። ለጥንቸል ግን ይጣበቃል፣ ፍሬው ተፈልቅቆ መውጣት አለበት፣ ከአንዱ ቴምር ስምንተኛውን ቆርጦ መስጠት ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትቼዋለሁ። የሙዝ ቺፕስ የሚባለውን አታስቡት፤ በዘይት የተጠበሰ ነው፣ ደረቅ ፍራፍሬ አይባልም።

ራሴ ያደረቅኩት ፖም አለ፤ ሁለተኛ የምወደው እሱን ነው። አንድ ፖም በቂ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለውን ዘር በሙሉ አወጣለሁ፣ መርዝነት አለው። ልጣጩን አልልጥም። እንደ ሳንቲም ስስ አድርጌ እቆርጥና በክር አሰካዋለሁ፤ ክርና መርፌ ከኔ ቤት አይጠፋም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው የጎንደር ፀሐይ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ በሦስት በአራት ቀን ይደርቃል፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ባረጀ ነጠላ እሸፍነዋለሁ። ክረምት ላይ ሞክሬ ሻገተብኝ። ቡናማ ይሆናል፣ አያምርም፤ ሰልፈር ያልነካው መሆኑን ያሳያል እንጂ አልተበላሸም።

የመጀመሪያውን ዙር ያሰጣሁት በክር አልነበረም፣ በሰፌድ ነው። ሰፌዱ ደግሞ ከሳምንት በፊት በርበሬ የተሰጣበት ነበር። አራግፌው ነበር፣ ምላሴም አልነካውም። ዳማ ግን አንዴ አሽትታ ካስነጠሰች ማቆም አቃታት፤ እያስነጠሰች በክፍሉ ዞረች፣ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ ገብታ እዚያም አስነጠሰች። ሁለት ቀን ሙሉ እጄ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ጠርጥራለች። ክሩን ያመጣው ይህ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን? ድርቆሹ ከበቃ ለምን ዘቢብ? እኔ ዘቢብን እንደ ምግብ አልቆጥረውም፣ ማባበያ ነው። ጠርሙሱን ሳንኳኳው ከየትም ይመጣሉ። ጥፍራቸውን ስቆርጥ ያቺ አንዲት ፍሬ ከሌለች ቡሬን መያዝ ዘበት ነው። ማታ ወደ ቤታቸው ሲገቡ አሳድጄ አልይዝም፣ ጠርሙሱን አንኳኳለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መታመማቸውን አውቅበታለሁ። ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዘቢብ ሲንኳኳ ካልመጣች ግን ያለ ጥርጥር አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ጠዋት ቡሬ ድርቆሹን መተዋ አላስደነገጠኝም ነበር። ያስደነገጠኝ ጠርሙሱን አንኳኩቼ ጆሮዋ እንኳ አለመንቀሳቀሱ ነው።

ለሱቋ ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለዕጣኑ ነው። ጠዋት መሄድ ይሻላል፣ በተለይ የንግሥ በዓል ሲቃረብ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ አይቻልም። ጥር 11 ሰሞን ጭራሽ አትሞክሩት።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ሴትዮዋ ከሩቅ አይተው «የጥንቸሎቹ እናት!» ብለው ጠሩኝ። ስማቸውን ጠየቁኝ። ዳማና ቡሬ ስላቸው «የበሬ ስም?» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። መዝነው ከጨረሱ በኋላ አንድ እፍኝ ሙሉ አከሉበት። «ኧረ ይበዛባቸዋል እማማ፣ ባለፈው አንዷ ልትሞትብኝ ነበር» አልኳቸው። «ምርቃት አይመለስም» አሉ፣ ላስቲኩን እያሰሩ። ምርቃቱን ልጄ ቤት ሳንደርስ ባጃጅ ውስጥ ጨረሰችው።